ሦስተኛው ጉልቻ

በርሚንግሃም፣ እንግሊዝ አገር

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ ለመሪጌታ፤

ባለፈው ደብዳቤዎ ሁለት ነገር ጠይቀውኛል፤ አንደኛው «ሦስት ጉልቻ የምትመሠርተው መቼ ነው?» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው በዚህ ወር የላክሁት ገንዘብ በ60 ፓውንድ ያነሰበት ምክንያት ነው። የሁለቱም መልስ አንድ ስለ ሆነ፣ መነጽርዎን አድርገው፣ ቡናው እስኪፈላ ድረስ በትዕግሥት እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዕድሜ ከእኔ የምትበልጥ አንዲት ሞተር ብስክሌት ገዝቻለሁ። ስሟ ቢ.ኤስ.ኤ. ባንታም፣ ዘመነ ልደቷም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1953 ሲሆን፣ የተወለደችው በዚሁ በበርሚንግሃም፣ ስሞል ሂዝ በተባለው ሰፈር በነበረው ፋብሪካ ነው። ባንታም ማለት በዚህ አገር ቋንቋ ቁመቱ ያጠረ ዶሮ ነው። የዘር ሐረጓ ግን እንደ ስሟ አጭር አይደለም፤ እናቷ ዴ.ካ.ቬ. የተባለው የጀርመን ፋብሪካ የሠራት ሞተር ስትሆን፣ ጀርመን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድል በተመታች ጊዜ ንድፏ በጦር ካሣ ስም ተወስዶ፣ እንግሊዞች በ1948 ባንታም ብለው ሲያወጧት፣ መስኮብና አሜሪካም በየፊናቸው እንደዚሁ አድርገዋል፤ ጃፓናዊው ያማሃ ሳይቀር በ1955 የመጀመሪያ ሞተሩን በዚህችው አምሳል ቀረጸ። እንዲህ ሆኖ፣ ዓለም ለሁለት ተከፍሎ ሲዛዛት፣ በሁለቱም ወገን የአንዲት እናት ልጆች ይጋለቡ ነበር። የእኔይቱ እኅቶችም በዚህ አገር ቀይ ቀለም ተቀብተው ለፖስታ ቤት ቴሌግራም ያደርሱ እንደ ነበር ሽማግሌዎች ሁሉ ያስታውሳሉ።

ይህች ባለታሪክ አሮጊት ታዲያ አንድ ጉድለት ነበረባት፤ መሮጥ ታውቃለች፣ መቆም አታውቅም። የመሐል ማቆሚያዋ ከእርጅና የተነሣ ስለ ተበላ፣ የጎን ማቆሚያም ስላልነበራት፣ ሁለት ወር ሙሉ የጎረቤቴን ግንብ ተደግፋ ስትኖር፣ ባለቤቲቱ ባልቴት በየማለዳው በመስኮት ብቅ እያሉ «ዛሬም አልሞተችም?» ይሉኝ ነበር። ሞተሯን የገዛሁት ከራሴ ቁጠባ ነው፤ ለማቆሚያዋ ያወጣሁት ግን፣ አላብልዎትም፣ ከእርስዎ ድርሻ ላይ ነው።

በፖስታ ያስመጣሁት የመጀመሪያው የጎን ማቆሚያ ለትልቅ ሞተር የተሠራ ኖሮ፣ ከቁመቱ የተነሣ ባንታሚቱን እንደ አዲስ ተሿሚ ቀጥ አድርጎ አቆማት፤ በአዲስ ተሿሚ ላይ እንደሚደርሰውም ሁሉ፣ የመጀመሪያው ነፋስ ሲነፍስ ወደ ቀኝ ተገልብጣ በባልቴቲቱ ጽጌረዳ ላይ ወደቀች። ሁለተኛው እጅግ አጭር ነበርና፣ ሰካራም በጓደኛው ትከሻ ላይ እንደሚጋደም ወደ ግራ ተጋድማ፣ ቤንዚኗን በካርቡራተሩ በኩል ስታንጠባጥብ አደረች። ሦስተኛው በቁመት ልክ ቢመስልም ቡሎኑ እንቢ አለ፤ የእርሷ ዘመን ብረት አብዛኛው በአንድ ኢንች ውስጥ 26 ጥርስ በሚቈጠርበት በአሮጌው የእንግሊዝ የብስክሌት ልክ የተፈለፈለ ሲሆን፣ የእኔ ቡሎን ግን በሚሊሜትር የተቈረጠ የዛሬ ልጅ ነውና፣ አንዱ የሌላውን ቋንቋ አልሰማ አለ። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም የሚለውን የአበው ቃል በሦስት ብረት ተማርሁት።

መፍትሔው የመጣልኝ ከእርስዎ ነው። በአንድ የበዓል ሌሊት ከማኅሌት ቆሜ መቋሚያዬን ተደግፌ ሳለሁ፣ በልጅነቴ እርስዎ መቋሚያ ሲቈርጡልኝ «ሰው ለመቋሚያ የሚለካው ጫማውን አጥልቆ፣ በገዛ ክብደቱ ቆሞ ነው እንጂ ተኝቶ አይደለም» ያሉኝ ቃል ትዝ አለኝ። እኔ ሞኙ ለካ ማቆሚያውን ስለካ የኖርሁት በብረቱ መጠን እንጂ በሞተሯ ቁመና አልነበረም። በማግሥቱ ጎማዎቿን በደንብ ነፍቼ፣ ጓደኛዬ ወደ ግራ ጥቂት አዘንብሎ ያለ ሌላ ድጋፍ በክብደቷ ሲይዛት፣ ማቆሚያው ከሚታሰርበት ሻንሲ እስከ መሬት ያለውን ለካሁ፤ አንድ ሽማግሌ ባለ ብየዳም በዚያው ልክ ቈርጦ፣ ለስላሳ መሬት ውስጥ እንዳይሰምጥ ከታች እንደ ሰሐን ጠፍጣፋ ብረት ጨመረበት። ሞላውም ማቆሚያው ሲታጠፍ ወደ ላይ፣ ሲዘረጋ ደግሞ ወደ ፊት እንዲስብ ሆኖ ስለ ታሰረ፣ መሐል ላይ ቆሞ የሚያመነታበት ጊዜ የለውም።

በደጃፌ ልክ የነበረው ማቆሚያ በአውራ ጎዳና ዳር ግን ያጠረ ይመስላል፤ በዚህ አገር የሚነዳው በግራ ስለ ሆነ፣ መንገዱም ለዝናቡ መውረጃ ወደ ግራ ጠርዝ ስለሚያዘነብል ነው። ይህን ሳስብ፣ በአገራችን በ1956 ዓ.ም. የተሽከርካሪው ሁሉ ጉዞ ከግራ ወደ ቀኝ በተዛወረበት ዕለት፣ የኢትዮጵያ ሞተሮች ማቆሚያ በሙሉ በአንድ ጀምበር ረጅም ሆኖ ማደሩን ያሰበ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ወደ ፊት ተንሸራትታ ማቆሚያውን እንዳታጥፈው፣ ፊቷን ወደ ዳገቱ አዙሬ፣ ማርሽ አስገብቼ አቆማታለሁ።

እንግዲህ አጎቴ፣ ሁለት ጎማና አንድ ማቆሚያ፣ ሦስት ጉልቻዬ በዚህ ዓይነት ተመሥርቷል። ስለ ሌላው ሦስት ጉልቻ ግን፣ በሐሳብዎ ያለች ልጅ ብትኖር፣ እንደ እኔ በፖስታ አስመጥተው እንዳይሞክሩ፤ አስቀድመው ቁመናዬን በአካል አይተው እንዲለኩልኝ፣ ለፋሲካ እመጣለሁ። የጎደለውን 60 ፓውንድ ከሚመጣው ወር ጋር ጨምሬ እልካለሁ። የባልቴቲቱም ጽጌረዳ እንደገና አብቧል።

አክባሪዎ፣ የእኅትዎ ልጅ