የዕድሩ መዝገብና ጥቁሩ ስክሪን

የልጅ ልጄ ኮምፒውተር ሳይንስ ደረሰው ተብሎ እልል ሲባል፣ ሳሎኔ የሃይማኖት ክርክር ሜዳ ይሆናል ብሎ ያስጠነቀቀኝ ሰው አልነበረም። ጓደኞቹን ሰብስቦ ይመጣል፤ ቡናዬን እየጠጡ የትኛው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይሻላል በሚል አንዱ ዊንዶውስ፣ አንዱ ማክ፣ የኔው ደግሞ ሊኑክስ እያሉ ይተናነቃሉ። ማክ ባዩ ልጅ ማክ የለውም።

«አባባ፣ 500ዎቹ የዓለም ፈጣን ሱፐርኮምፒውተሮች ሁሉም በሊኑክስ ነው የሚሠሩት። የእርስዎም አንድሮይድ ስልክ ከሥሩ ሊኑክስ ነው» አለኝ። ስልኬን አገላብጬ አየሁት። ያው ነው፤ ባትሪው ያልቃል።

ሊኑክስን የጀመረው ሊኑስ ቶርቫልድስ የሚባል የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ተማሪ ነው አሉ። ወሬውን ያሰማው በነሐሴ 1983 ዓ.ም.፣ ደርግ በወደቀ በሦስተኛው ወር። እኛ ነገ ምን ይመጣ ይሆን እያልን ሬዲዮ ላይ ተጥደን ሳለ መሆኑ ነው።

እኔን የሚያንጨረጭረኝ ግን ሌላ ነው። ይህን ጉደኛ ሊኑክስ አሳየኝ ብለው ጥቁር ስክሪን ከፍቶ ትእዛዝ ይጽፍ ጀመር። ይህንንማ መሥሪያ ቤት ሳለሁ በዶስ ሠርቼው ጠግቤዋለሁ! እኛ «ዲር» ብለን ፋይል እናይ ነበር፣ እነሱ «ኤልኤስ» ይላሉ። እኛ ከጥቁሩ ስክሪን አምልጠን ማውዝ ጨበጥን፤ እነሱ ማውዙን ጥለው ወደ ጥቁሩ ይሮጣሉ። ሊኑክስ አርአያ ያደረገው ዩኒክስ ራሱ እኮ በፈረንጅ 1969 የተጀመረ የኔ ዘመን ሰው ነው። እሱ ሲሆን ዘመናዊ፣ እኔ ስሆን ኋላ ቀር!

ባለፈው ቅዳሜ ለቅሶ ደርሼ ስመለስ የልጅ ልጄ ኮምፒውተሬ ላይ ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ ጭኖ ጠበቀኝ። ዲስኩ ጥርግ ብሏል። ሦስት ዓመት በኤክሴል የያዝኩት የዕድር መዋጮ መዝገብ የለም። የወረቀቱንስ መዝገብ? «አባባ፣ በዚህ ዘመን ወረቀት!» ብሎ ያስጣለኝ ይኸው ልጅ ነው።

ማክ የሌለው ጓደኛው ቀስ ብሎ ነገረኝ፦ ዊንዶውሱን ሳይነካ፣ እዚያው ውስጥ በቨርቹዋል ማሽን ሊኑክስን መጫንና እንዳሻው መማር ይችል ነበር። ፕሮሰስ፣ ሜሞሪ፣ ፋይል የሚሉት ትምህርት በየትኛውም ላይ መሠረቱ አንድ ነው አለኝ። ታዲያ ይህ ልጅ ሲከራከሩ ለምን አልተናገረም? ቡና እየጠጣ ነበራ!

አሁን ዕድርተኛው ሁሉ «ከፍያለሁ» ይላል። ስምንት ወር ውዝፍ ያለበት ጎረቤቴማ፣ የልጅ ልጄን ባየው ቁጥር ግንባሩን እየሳመ ይመርቀዋል።