ሰላም ብለሽ ግቢ፦ በካራማ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ማኅበራዊ ሕይወት ላይ የቀረበ ጥናት

ከባድ ትምህርትና ማኅበራዊ ሕይወት እንዴት እንደሚታረቁ የሚመክሩ ሰዎች ሁሉ አንድ ነገር ሳይመረምሩ ይነሣሉ፤ ማኅበራዊ ሕይወቱ የተማሪው የራሱ ነው ብለው። ዱባይ ካራማ ውስጥ ይህ አይሠራም። ከቡርጁማን ወዲህ ባሉት ዝቅ ዝቅ ያሉ አሮጌ ሕንፃዎች የምታድግ የሐበሻ ልጅ ማኅበራዊ ሕይወት አላት፤ ባለቤቱ ግን እናቷ ናት። የልጅቷ ድርሻ ከክፍሏ ወጥቶ እንግዶችን ሰላም ማለትና መመለስ ነው። ሊቃውንት ይህን ድርሻ እስከ ዛሬ ችላ ብለውታል። እኛ አናልፈውም።

በቅድሚያ ትምህርቱ። ከካራማ ጎን፣ ዑድ ሜታ ላይ፣ በ1961 (ዓ.ም. ካልተባለ ዓመቱ ሁሉ የፈረንጅ ነው) የተመሠረተው የሕንድ ሃይስኩል አለ፤ በሕንዱ ሲቢኤስኢ ሥርዓት የሚማሩ ልጆች የመጨረሻ ፈተናቸውን ከፌብሩዋሪ አጋማሽ ጀምረው ይወስዳሉ። የእንግሊዙ ኤ ሌቭልም አለ። ለዚህ ጥናት የተመረጠው ግን ከሁሉ የከፋው፣ በ1968 ጄኔቫ ላይ የተቋቋመው ድርጅት የሚሰጠው የአይቢ ዲፕሎማ ነው። ሁለት ዓመት ይፈጃል። ስድስት የትምህርት ዓይነት አለው፤ እስከ 4,000 ቃል የሚደርስ የምርምር ጽሑፍ አለው፤ በዚያ ላይ የምናውቀውን እንዴት እንዳወቅነው የሚጠይቅ «የዕውቀት ቲዎሪ» የተባለ ኮርስ አለው። ይህን ጥያቄ የካራማ እናቶች «እናትሽ ስለሆንኩ ነው» ብለው ከዘጉት ቆይተዋል።

ካስ የሚባል ሌላ ግዴታም አለ። ተማሪው ቢያንስ ለ18 ወር በፈጠራ፣ በእንቅስቃሴና በአገልግሎት መሳተፍ፣ ለመሳተፉም ማስረጃ ማቅረብ አለበት። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ሕይወትሽን ይወስድና፣ ኋላ ሕይወት እንዳለሽ ማስረጃ አምጪ ይልሻል። ጉዳዩን ጠለቅ ብሎ ላየው እናቷ እንግዶች የምትጠራበት የእሑድ ቡና ሦስቱንም ያሟላል። ፈንድሻ ሳያሳርሩ ማፈንዳት ፈጠራ ነው፤ ረከቦቱን ከማድ ቤት ሳሎን ማድረስ እንቅስቃሴ፣ ሲኒ ማደል አገልግሎት። በዚህ ስሌት የሐበሻ ሴት ልጅ ካስን የምትጨርሰው ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳለች ነው። ችግሩ ማስረጃው ፎቶ መሆኑ ነው። እንግዶቹ ፎቶ አይወዱም፤ ገሚሶቹ ከአሠሪያቸው፣ ከማዳም፣ ያስፈቀዱት ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ ብለው ነው።

ማኅበራዊ ሕይወት በሁለት ይከፈላል፤ የራሷና የእናቷ። የራሷ ቶሎ ያልቃል፦ ዛቢል ፓርክ፣ አንድ ብርጭቆ ካራክ ሻይ፣ ፈተና ዋዜማ ግሩፕ ቻት ላይ «ማን አጥንቷል?» «እኔ ምንም» የሚባልበት የሐሰት ምስክርነት። የእናቷ ግን ክርስትና አለው፣ ኒካህ አለው፣ ለቅሶ፣ ዕቁብና ማኅበር አለው፤ አገር ቤት የሚገባ ሰው መሸኘትም አለው። በመጨረሻው ላይ ፊዚክስ የምትማረዋ ልጅ ሻንጣ እንድትመዝን ትጠራለች። እያንዳንዱ የራሱ ጥናት ይገባዋል። ሁሉንም ትተን ወደ ቡናው፣ ከቡናውም ወደ ሰላምታው እንለፍ።

ሰላምታ የሚጀምረው በጆሮ ነው። በር ሲንኳኳ ልጅቷ ካልኩለሷ ላይ እንዳቀረቀረች የመጣው ማን እንደሆነ ትለያለች፤ ድምፅ፣ የጫማ ኮቴ፣ የፌስታል መንኮሻኮሽ ይበቃታል። ወዲያው መውጣት ጀማሪነት ነው። ከመጀመሪያዋ እንግዳ ጋር ሰላም ተብሎ ሲገባ ሁለተኛዋ ትመጣለች፤ ደግሞ መውጣት ነው፤ ከዚያ ሦስተኛዋ። አብዝቶ መቆየትም «ልጅሽ የለችም እንዴ?» የሚለውን ጥያቄ ያመጣል፤ ይህ ጥያቄ ከተነሣ የእናት ፊት እስከ ማክሰኞ አይፈታም። ትክክለኛው ሰዓት ሁሉም ተሰብስበው፣ ቡናው ተቆልቶ፣ ገና ያልተወቀጠበት ነው። በዚያ ሰዓት ሁሉም የተቆላውን ቡና ጭስ ወደ ራሱ እየሳበ ስለሆነ ቀልቡ ግማሽ ነው። (ፋየር አላርሙ ከጮኸ ደግሞ ማንም ማንንም ሰላም አይልም፤ ግን ይህ በዕቅድ የሚያዝ ነገር አይደለም።)

ከዚያ ጥሪው ይመጣል፦ «ነይ እስኪ የኔ ልጅ፣ ሰላም ብለሽ ግቢ፤ አንድ ደቂቃ ነው።» ደቂቃዋ የምትጠቀሰው ለልጅቷ ሳይሆን ለእናትየው ሕሊና ነው።

ልጅቷ ከወጣች በኋላ ቅደም ተከተል አለ። ለበሩ ከቀረበችው መጀመር ስሕተት ነው፤ የሚጀመረው ከትልቋ ነው፤ ትልቋ ደግሞ ሁልጊዜ ከቴሌቪዥኑ ሥር፣ ጠረጴዛው በሚያግድበት ጥግ ነው የምትቀመጠው። ጉንጭ ሦስትም አራትም ጊዜ ይሳማል፤ ቁጥሩን የምትወስነው እንግዳዋ ናት፤ ተማሪዋ የምታውቀው አንገቷን ቀድማ ስትመልስ ነው። የወሎና የጅማ እናቶች እጇን ይዘው ይስማሉ፤ እሷም መልሳ ትስማለች፤ ማን ቀድሞ እንደሚለቅ አይታወቅም። ምግብ የጀመረች እንግዳ «እጄን ወጥ ነክቶታል» ብላ የእጅ አንጓዋን ትሰጣለች። ጥሩ ተማሪ አንጓ ስትጨብጥ አትደነግጥም።

ቀጥሎ ምርመራው ነው። የዱባይ የትምህርት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ ኬኤችዲኤ፣ ከ2008 ጀምሮ የግል ትምህርት ቤቶችን እየመረመረ «አውትስታንዲንግ» ከሚለው ወደታች በየደረጃቸው ሲያስቀምጥ ኖሯል። የሳሎኑ ኮሚቴ ከዚህ ይፈጥናል። በአንድ ቀን፣ በአንድ ሶፋ ላይ፣ አንዷ «ምነው እንዲህ ከሳሽ?» ስትል ሌላዋ «ወፈርሽ፣ ትንሽ ተንቀሳቀሽ እንጂ» ትላለች፤ ሁለቱም ውሳኔዎች ይጸናሉ። «ምን ልትሆኚ ነው?» ለሚለው መልሱ «ዶክተር» ነው፤ እውነት ባይሆንም። አንትሮፖሎጂ ያለች ተማሪ አንትሮፖሎጂ ምን እንደሆነ ስታስረዳ ቡናው ሁለተኛ ይፈላል።

ከጥያቄዎቹ ሁሉ አደገኛው «ስንት አመጣሽ?» ነው።

«38» ትላለች ልጅቷ፣ በኩራት።

ሳሎኑ ጸጥ ይላል። እንግዶቹ አይፈረድባቸውም። ጥር 2015 ዓ.ም. ላይ ይፋ በሆነው የአገር ቤት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት፣ ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ሁሉም ሰምተዋል፤ የእኅት ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ የወደቀባቸው አሉ። ስለዚህ 38 ሲባል የሚሰሙት 38 ከመቶ ነው። «አይዞሽ፣ አገር ቤትም ስንቱ ወደቀ» ትላለች ደጓ። ሌላዋ ወደ እናትየው ዘወር ብላ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፦ «ይህ ሁሉ ድርሃም እየተከፈለ?» ልጅቷ ማስረዳት ትጀምራለች። እያንዳንዱ ትምህርት ከ7 ይታሰባል፤ ስድስት ጊዜ ሰባት 42፤ ለጽሑፉና ለዕውቀት ቲዎሪው 3 ይጨመራል። ድካሟ ከንቱ ነው። ትምህርት ከሰባት እንደሚታረም ሰምቶ የሚያምን የሐበሻ ሽማግሌ እስካሁን አላጋጠመንም። እናትየውም ብትሆን ለጊዜው ትንሽ ትጠራጠራለች።

እዚህ ላይ ስለ ወንድ ልጅ አንድ ነገር ማለት ግድ ነው። እሱ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ጆሮ ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮው ብቻ አውልቆ «እንዴት ናችሁ» ብሎ ይመለሳል። «ጎበዝ ነው፤ ቀን ከሌት ያጠናል» ይባላል። የሚጫወተው ፊፋ መሆኑን ቤቱ ሁሉ ይሰማል። ይህን ክስተት በሳይንሳዊ ገለልተኝነት ለመጻፍ ሞክረን አልሆነልንም።

ወደ መውጫው እንሂድ፤ የሙያው ቁንጮ ያለው እዚያ ነው። መግባት ቀላል ነው፤ ከአቦል በፊት የተቀመጠች ልጅ ግን ቶና ሳይደርስ ብትነሣ ነውር፣ በረካ ሳይደርስ ብትነሣ በረከት መርገጥ ነው። ስለዚህ መውጫዎች ተፈልስፈዋል። በጣም የተለመደው የሲኒ መውጫ ነው፦ ማንም ሳይጠይቃት ባዶ ሲኒዎችን ሰብስባ ማድ ቤት ትገባለች፤ ከማድ ቤት ደግሞ ወደ ክፍሏ። «ሥራ ወዳድ ናት» እየተባለች ትጠፋለች። እንከኑ ሲኒው ለሁለተኛው ዙር መፈለጉ ነው። የስልክ መውጫም ነበር፤ እናቶች ስልኩ እንዳልጠራ ስለሚያውቁ ፈርሷል። የማይነቃነቀው የሶላት መውጫ ነው። የሙስሊም ቤት ልጅ «መግሪብ ሊያልፈኝ ነው» ብላ ከተነሣች ማንም አይዛትም፤ እንዲያውም ትመረቃለች። የኦርቶዶክስ ጓደኛዋ ይህን በቅናት ታየዋለች፤ የሷ ጸሎት ሰዓት እንደዚያ በአዛን አይታወጅላትምና። ጥቂት ተማሪዎች ውዳሴ ማርያም ልድገም ብለው ሞክረዋል፤ «ጎሽ! እዚሁ ድገሚልን» ተብለው ቀርተዋል።

የመጋረጃው ጉዳይም አለ። ክፍል የሌላት፣ ሳሎኑ በመጋረጃ ተከፍሎ የምትኖር ተማሪ የመውጫ ጥበብ አያስፈልጋትም፤ የምትገባበት የላትምና። ፊት ለፊቷ መጽሐፍ ተከፍቶ መጋረጃው ሲገለጥ ያኔ ጨዋታው ሁሉ ወደሷ ይዞራል። ስለዚህች ልጅ ብዙ አንቀልድም።

ከከተማ ከተማ ልዩነት መኖሩም ተረጋግጧል። ከአጅማንና ከሻርጃ የመጣ እንግዳ ካራማ ላይ የሚያመሸው ስለወደደ ብቻ አይደለም፤ የኢቲሃድ መንገድ እስኪለቀቅ ነው። «ትራፊኩ ይለፍ» በተባለ ቁጥር አንድ ጀበና ይጨመራል። ከ2022 ጀምሮ ዱባይ የሳምንት ዕረፍቷን ቅዳሜና እሑድ ስታደርግ፣ ሻርጃ ዓርብንም ጨምራ ሦስት ቀን ሰጠች። ሰው እንዲያርፍ ታስቦ ነበር። የሻርጃ ሐበሻ ተማሪ ያገኘችው የሦስት ቀን እንግዳ ነው።

የቀን መቁጠሪያውም ለልጆቹ አልራራላቸውም። በ2025 ረመዳን ማርች 1 ሲገባ የሕንድ ሥርዓት ተማሪዎች ፈተና ላይ ነበሩ፤ ሳምቡሳ እየጠቀለሉ ኬሚስትሪ ከለሱ። የአይቢ ፈተና የሚውለው ሜይ ላይ ነው፤ በ2024 ፋሲካ ሜይ 5 ዋለ። ሁለት ወር የጾመ ሕዝብ ዶሮ ይዞ መጥቶ ልጅቷ አጥንታለች አላጠናችም ብሎ አያስብም። በ2027 ፋሲካ ሜይ 2 ስለሚውል፣ የዚያ ዓመት ተፈታኞች ከወዲሁ ይወቁት።

ምድቦቹን እዚህ ላይ ልናቆም ነው፤ የጉርሻ፣ የምርቃትና «ለልጄ ሒሳብ አስጠኚልኝ» የሚሉት ንዑስ ክፍሎች ለሌላ ተመራማሪ ይቆዩ። አንድ ነገር ግን በሰንጠረዥ አልገባ ብሎናል። ከእሑድ እንግዶች ብዙዎቹ የሰው ቤት ሠራተኞች ናቸው። የ2022ቱ የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ ቀን ኦፍ ይሰጣቸዋል፤ አሠሪያቸው ከፈቀደች ማለት ነው። ያችኑ ቀን ይዘው ነው ካራማ የሚመጡት። የራሳቸው ልጆች ደሴ ናቸው፣ ጅማ ናቸው፣ ደብረ ማርቆስ ናቸው፤ በኢሞና በቦቲም የስልክ ጥሪ ነው ያሳደጓቸው። «ስንተኛ ክፍል ደረስሽ?» ብላ የምትጠይቀው ሴትዮ መልሱን ባለፈው ሳምንትም ሰምታዋለች። የሷ ልጅ ከዚህችኛዋ ጋር እኩያ ናት፤ ስታቅፋት ቶሎ የማትለቃት ለዚህ ነው። ይህን ተማሪዋ ሳታውቅ አትቀርም፤ የሲኒውን መውጫ በዚህች ሴትዮ ላይ ተጠቅማበት አታውቅም።

ስለዚህ በሜይ ወር ወደ ካራማ ለምትመጡ እንግዶች፦ ኑ፤ ቡናው አለ። ልጅቷንም አስጠሯት፣ ሳሟት፣ ከስታም ከሆነ ንገሯት። «ስንት አመጣሽ?» የምትሉ ከሆነ ግን፣ ሙሉው ውጤት 45 ነው፤ 38 ካለቻችሁ እልል በሉላት።