ተፈጥሮ በኪሎ

የአዲስ አበባ ሰው ተፈጥሮ አይወድም የሚል ሐሜተኛ ካለ፣ እሑድ ረፋድ ላይ እንጦጦን ተሻግሮ ወደ ሱሉልታ የሚጎርፈውን መኪና ይመልከት። ፈረንጅ ማሳይ ማራ ድረስ ሄዶ፣ ሜዳ መሐል ነጭ የጠረጴዛ ልብስ አስነጥፎ፣ ቀጭኔ እያየ ቁርሱን ይበላና «ሳፋሪ» ይለዋል። የእኛው ይበልጣል። የሚታየውንና የሚበላውን እየለየን ጊዜ አናባክንም፤ ሉካንዳው ደጃፍ የተሰቀለው ሰንጋ አራዊቱም ምሳውም ነው። አስጎብኚው ሥጋ ቆራጩ ሲሆን፣ ሻኛውን፣ ሽንጡን፣ ጎድን ተዳቢቱን በቢላ ጫፍ እየጠቆመ ያስጎበኛል። ጎብኚውም ግማሹን ጥሬውን በአዋዜ፣ ግማሹን በሸክላ አዝዞ ለሜዳው ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጣል። ምን ያድርግ፣ መኪናውን ማየት አለበት።

ይህ ፍቅር ታዲያ አንድ የሚያስገርም ጠባይ አለው፤ ይፆማል። ሁዳዴ ሲገባ የመናገሻ ሱባ ጥድ አይረግፍም፣ ቡራዩ አጠገብ ያለው የገፈርሳ ውሃ አይሰደድም፣ ወጨጫም ከሰበታ በላይ እንደተገተረ ነው። አብዛኛው ሉካንዳ ግን ይዘጋል፤ ወዲያው ንጹሕ አየር የሚናፍቀው ሰው ይመናመናል። 55ቱ ቀን አልቆ ፋሲካ ሲሆን አየሩ እንደገና ይነጻል! ለሜዳው ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ መኪና የሚሰለፈው አደይ አበባ ሲፈነዳ፣ በመስከረም ነበር።

የሱባን ደን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ድኩላና ጉሬዛ ይኖሩበታል። ንጉሡ ለጥብስ ጥላ እያዘጋጁ መሆናቸውን ማን በነገራቸው! ሸክላው ሥር የሚፋፋመው ከሰልም የሆነ ቦታ ዛፍ ነበር፤ አንዱ ዛፍ ያጠላል፣ ሌላው ይነዳል፣ በላተኛው ደግሞ ስለ አረንጓዴ አሻራ ያወራል። ውሃውማ የባሰ ነው። ሱሉልታ የታሸገ ውሃ ፋብሪካዎች ያሉባት ከተማ ናት። ከምድሯ የወጣው ውሃ ታሽጎ አዲስ አበባ ይወርዳል፤ እሑድ መኪና ላይ ተጭኖ ዳገቱን መልሶ ይወጣል፤ ይጠጣና ባዶው ሃይላንድ ሣሩ ላይ ይቀራል። ውሃው ለእኛ፣ ላስቲኩ ለሱሉልታ ሰዎች፤ ከዚህ የበለጠ ፍትሐዊ ክፍፍል ከየት ይመጣል?

«ለአካባቢው ወጣት የሥራ ዕድል ነው» የሚሉ አሉ። ነው እንጂ፤ መኪና ይጠብቃል፣ መኪና ያጥባል፣ ከሰል ያራግባል፣ ሰኞ ደግሞ ፌስታል ይለቅማል፤ ለዚህኛው የሚከፍለው ባይኖርም። «ቁርጥ ባህላችን ነው» ለሚሉትም ማን ካደ? ባህሉ ቄራ ሰፈርም ዱከምም ያለ አንድ ጥድ ሲከናወን ኖሯል። «ከተማው አፍኖን ነው» የሚለው ግን እውነት አለበት፤ ልጅ የሚሮጥበት ሣር የጠፋበት ሰፈር ብዙ ነው። ነገር ግን የታፈነ ሰው ያፈነውን አስከትሎ አይወጣም። ስፒከሩን፣ ጡሩምባውን፣ የመኪናውን ጭስ ሁሉ ይዞ የሚሄድ ሰው ከከተማው አልወጣም፤ ከተማውን አስፋፋው እንጂ።

ስለዚህ የሚበጀው ቄራ ያለ ሥጋ ቤት ግድግዳ ላይ የሱባን ደን የሚያሳይ ትልቅ ፎቶ መለጠፍ፣ የወፍ ድምፅም በስፒከር መልቀቅ ነው። ድኩላው እሑዱን በሰላም ይውላል፤ በሚተርፈው የነዳጅ ገንዘብም ተጨማሪ ኪሎ ይታዘዛል።