በማኅተም የተረጋገጠ በጎ ፈቃድ

ልጄ የሚማርበት ትምህርት ቤት በጎ ፈቃደኛ መሆኔን በማኅተም አረጋግጦ ደብዳቤ ላከልኝ። ሰው ፈቃዱን ራሱን ሲጠይቅ ያመነታል፤ ተጽፎ ሲመጣለት ግን ይገላገላል። ግርጌው ላይ «ፈቃደኛ ያልሆነ ወላጅ 500 ብር ይከፍላል» ይላል። ፈቃዴ ዋጋ እንዳለው የነገረኝ ሰው እስከዛሬ አልነበረም።

የደረሰኝ አጥሩ ላይ ሥዕል መሳል ነው። ቀለም፣ ብሩሽና አኳራጅ ከወላጅ፤ አጥሩ ከትምህርት ቤቱ። ከመካከላችን አንድ እውነተኛ ሠዓሊ ነበረ፤ አድልዎ እንዳይሆን ወንበር እንዲደረድር ተመደበ። የሒሳብ ሠራተኛው እኔ የአክሱምን ሐውልት ተረከብኩ። ትልቁ 33 ሜትር ገደማ ነው፤ አጥሩ 2 ሜትር። አጋድሜ ሳልኩት። ትልቁ በእርግጥም የወደቀ ስለሆነ ታሪክ አዛባህ የሚለኝ የለም። ዋልያዬን ግን ልጆቹ የዘበኛው ፍየል መስሏቸው በስሟ ጠሩት።

ከሰዓት ለወላጆች ቀን ውዝዋዜ ከመጋረጃ ጀርባ ተመደብኩ፤ መቀነት አሳሪ። አገሪቱ በ4 ደቂቃ ታልቃለች፦ ትከሻ ለጎጃም፣ ወገብ ለወላይታ፣ እግር ለጉራጌ። ፍላሹ አላነብ አለና ዘፈኑ ወላይታ ላይ ቆሞ ቀረ፤ ልጆቹ ግን በልምምዱ መሠረት ወደ ጉራጌ ተሻገሩ። ልጄን በስልኬ ልቀርጽ ስል መቀነት ተፈታ ተብዬ ተጠራሁ፤ ቪዲዮው ላይ ያለው የሰው ልጅ ነው።

በማግስቱ ምስክር ወረቀት ተሰጠን፤ ማሳተሚያ 200 ብር። በሳምንቱ ደግሞ አጥሩ እንደ መንገዱ ሁሉ ግራጫ እንዲቀባ መመሪያ መጣ። ለዚያም በጎ ፈቃደኛ ነኝ፤ ደብዳቤው ደርሶኛል።