ጉበት ጥብስ በአራተኛው እርምጃ

የደብረ ታቦር የቼዝ አፍቃሪ ሠልጥኗል፤ እሰየው ነው። ጋቢውን ተከናንቦ ጀበና ቡና ጠረጴዛ ላይ ሰሌዳውን ከመዘርጋቱ በፊት ሌሊቱን ስልኩ ላይ አፍጥጦ ኦፕኒንግ ሲሸመድድ ያድራል። የሚመርጠው ደግሞ የጣሊያኑን ነው። ቅድመ አያቶቹ አድዋ ድረስ ዘምተው የመለሱትን ጣሊያን እሱ በሦስት እርምጃ አስገብቶ መሐል ሜዳ ላይ ያሰፍረዋል።

ወታደር ሁለት ቤት ይገፋል፣ ፈረስ ይወጣል፣ ጳጳስ ይከተላል። በአራተኛው ፈረሱ እንደገና ይዘልና «ጉበት ጥብስ» የተባለው ጥቃት ይጀመራል። ሁዳዴ ቢሆንም ይቀርባል፤ ዩቲዩብ ጾም አያውቅማ።

ችግሩ፣ ይህ ድግስ የተሰናዳው ጥቁሩም በሦስተኛው እርምጃ የንጉሡን ወገን ፈረስ ላወጣበት ጨዋታ ነው። ያ ፈረስ ነው የንግሥቲቱን መንገድ የሚዘጋው። ተጋጣሚው እንደ እሱ ጀማሪ፣ ግን ምንም ያላጠና ሰው ሆነና በፈረሱ ፋንታ የንግሥቲቱን ወታደር አንድ ቤት ገፋ እንበል። ሊቁ ቀና ብሎ ያያል? ለምን ብሎ! ፈረሱን አስጋልቦ አምስተኛው ረድፍ ላይ ያቆመዋል። ንግሥቲቱም ባዶውን ሰያፍ ተከትላ መጥታ በነጻ ትወስደዋለች።

አባቶቻችን ምስኪኖች ነበሩ። በጥንቱ የአገራችን ቼዝ፣ በሰንጠረዥ፣ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ የፈለጉትን ያህል ያንቀሳቅሱ ነበር፤ ወረራ ይሉታል። ደብረ ታቦርን ዋና ከተማው ካደረገው ከራስ ዓሊ ጋር እ.ኤ.አ. በ1849 ውል የተፈራረመው የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን፣ ከሞተ በኋላ በ1868 በታተመው መጽሐፉ ስለዚህ ጨዋታ ጽፏል። በወረራ ጊዜ ዐይን ከባላጋራ እጅ አይነቀልም፤ እሱ ሲያሰልፍ አይቶ ማሰለፍ፣ እሱ ሲለውጥ አይቶ መለወጥ ነው። ሌሊቱን የሚሸመደድ ነገር የለም። ኋላ ቀርነት ማለት ይኼ ነው! ይባስ ብለው ዛሬ ግንብ በምንለው ወይም በፈረስ ማት ማድረግን እንደ ጥበብ አይቆጥሩትም ነበር፤ የሚያስጨበጭበው በተራ ወታደር ማሸነፍ ነው።

የዛሬው ሊቅ ሲሸነፍ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ያውቃል። «ኦፕኒንግ ከማያውቅ ሰው ጋር እንዴት ይጫወታሉ?» ይላል ሰሌዳውን እያዞረ። አሁን ጥቁሩን ይዞ ሲሲሊያን ሊያሳይ ነው። ነጩ ገና ቡናውን ፉት እያለ፣ አንድም ጠጠር ሳይነካ፣ እሱ ወታደሩን ሁለት ቤት ገፍቶ ጨርሷል። በራስ ዓሊ ዘመን ቢሆን ደንቡ ይፈቅድለት ነበር።