ሳያጎርሱ ጉርሻ ለጠየቁኝ

ለ፦ ዋሽንግተን ግዛት፣ ቡሪየን ውስጥ ለምትቆም አንዲት የበርገር መኪና ባለቤት

ጉዳዩ፦ ጉርሻን ይመለከታል

የተከበሩ ሆይ፣

ባለፈው ሐሙስ ማታ ከሥራ ወጥቼ መስኮትዎ ሥር የተሰለፍኩት እኔ ነኝ። ላያስታውሱኝ ይችላሉ፤ ወደ ሲታክ አየር ማረፊያ በሚወርዱት አውሮፕላኖች ጩኸት መሃል ሦስት ጊዜ ቢጠሩኝም፣ ሦስቱም ጊዜ የሌላ ሰው ስም ነበር። ሐሙስን የመረጥኩት በማግሥቱ ዓርብ ስለምጾም ነው፤ ተስፋዬን ሁሉ በሥጋዎ ላይ ጥዬ ነበር ማለት ነው።

ከምግቡ ልጀምር። ሥጋው በጋለው ብረት ላይ ተዳምጦ ጠርዙ እንደ እናቴ ዳንቴል ሳስቷል፤ ጥርስ ሥር ኩርሽም ኩርሽም ይላል። ሽንኩርቱ ቁሌት ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። እውነቱን ለመናገር ጣፍጦኛል። ድንቹ ግን ከመጥበሻ ሳይሆን ከገላ መታጠቢያ የወጣ ይመስላል። ዳቦውም ገና አንዴ ብነክሰው እጅ ሰጠ፤ ሶሱ በክርኔ ወረደ።

የሥጋው መሃል በመድረቁ አልከስዎትም፤ ክትፎን ለብ ለብ የምል ሰው ብሆንም። ሥጋ ሲፈጭ ላይ ላዩ ያለው ተሕዋስ ወደ ውስጥ ስለሚገባ፣ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የተፈጨ ሥጋ ውስጡ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይድረስ ይላል። በ1993 እ.ኤ.አ. በዚሁ ግዛት በደንብ ባልበሰለ በርገር ምክንያት በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ታመዋል፣ ሕፃናትም ሞተዋል። ከዚህስ ይድረቅ።

ክሴ ሌላ ነው። በርገሬ ገና ሳይገለበጥ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞሩት፦ 18፣ 20፣ 25 በመቶ። «ምንም» የሚለው ከታች በጤፍ ፍሬ ልክ ተጽፏል። ከኋላዬ የተሰለፉት እንደ ሠርግ ሽማግሌ ጣቴን ይመለከታሉ። 20ን ነካሁ። የ15 ዶላሩ በርገርና የ5 ዶላሩ ድንች፣ ከዚሁ ጭማሪና አሥር በመቶን ካለፈው የሽያጭ ግብር ጋር፣ 26 ዶላር ተሻገሩ።

በእኛ ቋንቋ ለዚህ ጭማሪ ገንዘብም፣ ጠቅልለን በሰው አፍ ለምናኖረውም ስሙ አንድ ነው፤ ጉርሻ። ሥርዓት ግን አለው። አጉራሽ መጀመሪያ ይጠቀልላል፤ «በሞቴ» የሚለው ከዚያ በኋላ ነው። እርስዎ እጄም አፌም ባዶ ሳለ «በሞቴ» አሉኝ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላል፤ እርስዎ ሦስት ደርድረው ከሦስቱም ጋር አጣሉኝ።

ለሠራተኛዎ ገንዘብ አልሰስትም። በዋሽንግተን ግዛት ሕግ አሠሪ ጉርሻን ከዝቅተኛው ደመወዝ ላይ ማካካስ አይችልም፤ ጉርሻው ስጦታ ነው ማለት ነው። ስጦታ ደግሞ ተመን ወጥቶለት ወረፋ አስይዞ አይጠየቅም።

ስለዚህ ስክሪኑን ከበላሁ በኋላ እንዲያዞሩልኝ በትሕትና አመለክታለሁ። ይህ የማይቻል ከሆነ፣ ከመስኮቱ ጎንበስ ብለው አንዲት ድንች በእጅዎ ያጉርሱኝ። ገላዋን የታጠበችም ብትሆን፣ 25ን እነካለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
ክርኑ ሶስ የነካው ደንበኛዎ

ግልባጭ፦
• «በልቼ መጣሁ» ስላት «ብቻህን?» ላለችኝ ባለቤቴ