የምግብ ቤት ሠራተኛን የማስደሰት ጥበብ

የምግብ ቤት ሠራተኛን ማስደሰት ማለት አስተናጋጅ፣ ወጥ ሠሪ፣ እንጀራ ጋጋሪ፣ ሥጋ ቆራጭና ዕቃ አጣቢ ሳያኮርፉና ሳይጠፉ ቢያንስ እስከ ወር መጨረሻ እንዲቆዩ የሚያደርግ የአስተዳደር ዘርፍ ነው። ዘርፉ በአዲስ አበባ ከፍተኛ ዕድገት አሳይቷል። ዋና መለያው የማነቃቂያው ወጪ ከባለቤቱ በቀር በማንም ሊሸፈን መቻሉ ነው።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ አብርሃም ማስሎ እ.ኤ.አ. በ1943 ባሳተመው ጽሑፍ የሰውን ፍላጎት ከምግብና ከእንቅልፍ አንሥቶ በአምስት ደረጃ ከፍሎታል። የምግብ ቤት ባለቤቶች አምስቱን ወደ ሁለት አሳጥረዋቸዋል፤ እነሱም ሽሮና ምስጋና ናቸው።

ሥራው ከቅጥር ይጀምራል። አዲስ ተቀጣሪ መታወቂያና ደመወዝ ያለው ተያዥ ያቀርባል። ተያዡ የሚፈርመው ለሚጠፋ ገንዘብና ንብረት ነው። ለጠፋ ደስታ ተያዥ የጠራ ምግብ ቤት እስካሁን አልታየም። በሩ ላይ «አስተናጋጅ በአስቸኳይ እንፈልጋለን» የሚለው ማስታወቂያ ዝናብ እንዳያበላሸው ላሚኔት ተደርጓል፤ ይህም የሰው ኃይል ዕቅዱ የረጅም ጊዜ መሆኑን ያሳያል።

ከቅጥር ቀጥሎ ምግብ ይመጣል። ሠራተኛ በነጻ ይመገባል፤ ምግቡም ቤቱ የሚሸጠው ምንም ይሁን ምን ሽሮ ነው። ቅዳሜ ማታ ሥጋ ቆራጩ ሻኛና ጎድን ሲመዝን ያመሽና፣ ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ከዕቃ ማጠቢያው ጀርባ በተገለበጠ የቢራ ሳጥን ላይ ተቀምጦ የቀዘቀዘ ሽሮውን በትናንት እንጀራ ይበላል። ሥርዓቱ ሠራተኛው ሥጋውን በባለሙያ ዓይን ብቻ እንዲያይ ይረዳዋል።

ሦስተኛው ዘዴ ስብሰባ ነው። የሚጠራው ቤቱ ከተዘጋ በኋላ፣ ታክሲ በሚጠፋበት ሰዓት ነው። ባለቤቱ «እኛ እኮ ቤተሰብ ነን» ብለው ይከፍታሉ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ጊዜ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። የቀን ትርፍ ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ፣ የሕዝብ በዓል ሥራ ደግሞ ሁለት ተኩል እጥፍ እንዲከፈልም ያዝዛል። አዋጁ የወጣው ለሠራተኞች ስለሆነ ቤተሰብን አይመለከትም። ለቤተሰብ በበዓል ቀን አንድ ሊትር ዘይት ይሰጣል፤ አሰጣጡም ፎቶ ይነሣል።

ፎቶግራፍ ለዕውቅናም ያገለግላል። ከካሸሩ ራስ በላይ «የወሩ ምርጥ ሠራተኛ» የሚል ምስል ይሰቀላል፤ የየትኛው ወር እንደሆነ ግን አይጻፍም። ተመራጯ መንገድ ተሻግራ ፊት ለፊት ባለው ቤት ከተቀጠረች ቆይታለች። ፎቶዋ ግን ፈገግ እንዳለ አለ፤ በቤቱ ረጅም ዘመን ካገለገሉት አንዱ እሱ ነው።

በዕረፍት ረገድ ምግብ ቤቶች ከሕግ ይልቅ ቸሮች ናቸው። አዋጁ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የሚፈቅደው የዓመት ዕረፍት 16 የሥራ ቀን ነው። ሁዳዴ ሲገባ ግን ሥጋ ቤቶች ለሠራተኞቻቸው 55 ቀን ሙሉ ይፈቅዳሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የመጀመሪያው ደመወዝ ያለው መሆኑ ብቻ ነው።

ኃላፊነትን ለማስተማር ተቆራጭ ጥቅም ላይ ይውላል። የተሰበረ ብርጭቆ፣ የጎደለ ሹካና ሒሳብ ሳይከፍል የሄደ ደንበኛ በአስተናጋጇ ስም ይመዘገባሉ። ሕጉ ከወር ደመወዝ የሚቆረጠው ጠቅላላ ገንዘብ ከሲሶ እንዳይበልጥ ይከለክላል፤ ከትሪ ላይ የሚወድቁት ብርጭቆዎች ግን ይህን ገደብ አያውቁትም።

ከሁሉም የዳበረው ዘዴ ቲፕ ነው። ከፋዩ ደንበኛው በመሆኑ ባለቤቶች ጽኑ እምነት አላቸው፤ በቅጥር ድርድር ላይም «ደመወዙ ትንሽ ነው፣ ግን ቲፕ አለው» ይባላል። በ2013 ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ዘዴው ይበልጥ ረቅቋል። የ450 ብር ሒሳብ የመጣለት ደንበኛ 500 ብር ልኮ «መልሱን ያዢው» ይላል። አስተናጋጇም «እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች። ሃምሳ ብሩ የገባው ቤቱ ሒሳብ ውስጥ ስለሆነ ምስጋናዋ የድርጅቱ ነው።

በመጨረሻ የሚነሣው ደመወዝ ነው። ዘርፉ ገና በስፋት ያልዳሰሰው መስክ በመሆኑ መረጃው የሚገኘው ከውጭ ነው። ሠራተኛ አልበረክት ያለው ሄንሪ ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1914 የፋብሪካውን የቀን ክፍያ እጥፍ ገደማ አድርጎ ወደ 5 ዶላር አሳደገ፤ የሥራ ቀኑንም ከ9 ወደ 8 ሰዓት ቀነሰ። የሚለቀው ሰው ቁጥር ወዲያው አሽቆለቆለ። ሙከራው የተደረገው በመኪና ላይ ስለሆነ ለክትፎ ይሠራ አይሠራ በባለቤቶች ዘንድ ገና አከራካሪ ነው።

ያም ሆኖ ደመወዝ በቀኑ የሚከፍሉና ትርፍ ሰዓት የሚያስቡ ጥቂት ቤቶች አሉ። በእነዚህ ቤቶች ሌሊት ስብሰባ አይጠራም፤ የሚነሣ አጀንዳ የለምና።